ለጤና ሚኒስቴር፦ አፉን ከከፈትነው አይቀር ጥርሱንም እንየው

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፤

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ጤና ጣቢያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ደሞዝ ልጨቀጭቃችሁ አይደለም የመጣሁት (እሱን ሌላ ቀን እናወራለን)። የልጆች ጥርስ ጉዳይ ነው።

ጥርስ ሲነሳ ሁሉም ጣቱን ወደ ጥርስ ሐኪም ይቀስራል። የጥርስ ሐኪሙ የት ነው ያለው? ከተማ ውስጥ። እናት ልጇን ተሸክማ እዚያ የምትሄደው ፊቱ አብጦ ሌሊቱን ሲያለቅስ ካደረ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው መንቀል ነው። እኛ ጋ ግን ያው ልጅ ደህና እያለ ይመጣል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል፣ በ9 ወሩ ለኩፍኝ፣ በ15 ወሩ ለሁለተኛው ኩፍኝ ይመለሳል፣ ከ6 ወሩ ጀምሮ ደግሞ በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይወስዳል።

ቫይታሚን ኤ ስንሰጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓመት ላልሞላው ሰማያዊዋን፣ ለሞላው ቀይዋን እንክብል ጫፏን በመቀስ ቆርጠን፣ ጉንጩን በሁለት ጣት ጫን አድርገን አፉ ውስጥ እንጨምቃለን። ልጁ ይጮኻል፣ አፉ ወለል ይላል፣ ያሉት ጥርሶች በሙሉ ይታያሉ። እኛ መዝገቡ ላይ ምልክት አድርገን «ቀጣይ!» እንላለን። ስለ ጥርስ የጠየቀን የለማ!

እንድንሠራው የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ከፍ አድርጎ ማየት። የፊት ጥርስ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነጭ፣ ኖራ የመሰለ መስመር ካለ ጥርሱ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ገና አልተቦረቦረም፤ ስኳሩ ከተቀነሰና ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ባለው የጥርስ ሳሙና ከተቦረሸ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ በኋላ ግን በምክር ብቻ የሚድን ነገር የለም። ከንፈሩ ስለሚሸፍነው እናትየው ነጩን መስመር በራሷ ታየዋለች ማለት ዘበት ነው።

ከዚያ ወሬው ይከተላል። ሲተኛ ምን ትሰጪዋለሽ? ጡጦ። ውስጡ ምን አለ? ስኳር ያለው ሻይ፣ ወይ ብስኩት የተበጠበጠበት ወተት። አፉ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሌሊት ደግሞ ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩን የሚያጥበው የለም። «የወተት ጥርስ እኮ ነው ሲስተር፣ ይወድቅ የለ?» ይሉኛል። የፊቶቹ በ6 እና በ7 ዓመት ይወድቃሉ፣ የኋላዎቹ መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት የሚበላባቸው ናቸው።

ግግ የሚባለውንም አትርሱት። ልጅ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ያበጠው በግግ ነው ተብሎ ባልጸዳ ስለት ይወጣለታል። የሚወጣው በሽታ ሳይሆን ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ይህን ለእናትየው ቀድሞ የሚነግራት፣ በ14 ሳምንቱ ክትባት የምታገኘን እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?

መመሪያ ስታወጡ ደግሞ ለመላው አገር አንድ ዓይነት አታድርጉት። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ይበዛበታል፤ በዚህ የተነሳ የልጆቹ ቋሚ ጥርስ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። እዚያ ነርሷ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ስለሚጠጣው ውኃ ነው። በተረፈ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል የጥርስ ሳሙና ትበቃለች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን ሳሙና መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እና ለምንድን ነው እንደ ቅንጦት ዕቃ የምናየው?

ሥራ በዝቶብናል፣ አልዋሽም። ክትባት ባለበት ቀን ወረፋው በር ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው አዲስ ፕሮግራምና አዲስ መዝገብ አምጡ የማልለው። የክትባት ካርዱ ድጋሚ ሲታተም በ9 እና በ15 ወሩ ረድፍ ላይ «ጥርስ ታይቷል» የምትል አንዲት ሳጥን ጨምሩበት። ለነርሶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና ስጡ፣ ነጩን መስመር በፎቶ አሳዩን። የተቦረቦረ ስናገኝ ልጁን ወዴት እንደምንልከውም ንገሩን፣ ምክንያቱም ዛሬ «ሂጂ ሐኪም አሳዪው» ብዬ የምልካት እናት የት እንደምትሄድ እኔም አላውቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ