ለእማዬ፣ ስለ እጄም ስለ ኩላሊትሽም

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራውም እንደ ወትሮው ነው።

ባለፈው በቪዲዮ ስንነጋገር እጄን አይተሽ ደነገጥሽ። «ተቃጠልሽ እንዴ?» ነበር ያልሽኝ። አልተቃጠልኩም። ነርስ ሲኮን ከእያንዳንዱ በሽተኛ በፊትም በኋላም እጅ ይጸዳል። ሳሙና የቆዳን የራሱን ቅባት ጠርጎ ይወስዳል፤ ሙቅ ውሃ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቆዳው መጀመሪያ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ በመጨረሻ የጣት መገጣጠሚያ ላይ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ እጅ ጀርም በቀላሉ ስለሚይዝ ነገሩ የውበት ጉዳይ አይደለም። በሽተኞቼንም ይመለከታል።

«አልኮሉን ተይውና በሳሙና ታጠቢ» ብለሽኛል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው፣ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ግሊሰሪን ያለበት ሳኒታይዘር ከሳሙናና ከውሃ ይልቅ ለቆዳ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አሠራር ውስጥ 1.45 ከመቶ ግሊሰሪን የሚገባበት ለዚሁ ነው። ሳኒታይዘር ሲያቃጥለን አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው ቀድሞ ተጎድቷል ማለት ነው። ሳሙና የግድ የሚሆነው እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ሲኖር ወይም አንዳንድ ተቅማጥ ያለባቸውን በሽተኞች ስንነካ ነው። ሁለቱን አከታትሎ መጠቀም ግን ቆዳን ከመጉዳት በቀር ትርፍ የለውም።

አሁን ለብ ባለ ውሃ ነው የምታጠበው። በፎጣ አልፈትገውም፣ ጫን ጫን እያደረግኩ አደርቀዋለሁ። እርጥብ እጅ ላይ ጓንት አላጠልቅም። ሽታ የሌለው ቅባት ኪሴ ውስጥ አለ፤ በእረፍት ሰዓትና ማታ ስተኛ እቀባለሁ፣ በጣቶቼ መሃል ሳይቀር። በዚህ ካልተሻለኝ የቆዳ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፤ የጓንቱ ላስቲክ አለርጂ ሆኖብኝም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ እኔ አትጨነቂ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የአንቺው ነው። ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት በሰዓቱ ትወስጃለሽ፣ አንዱም ሽንት የሚያሸናው ነው። ግፊትሽ ግን አልወርድ ብሏል። ዶክተሩ «ኩላሊትሽን እንይ» ሲልሽ «ኩላሊቴን አሞኝ አያውቅም» ብለሽ አለፍሽው። እማ፣ ኩላሊት እኮ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አያምም። ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው።

በዕድሜ ብዛት ወደ ኩላሊት ደም የሚወስደው የደም ሥር ውስጡ ስብ እየጋገረ ሊጠብ ይችላል። ያኔ ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ሲያንሰው የመላው ሰውነት ግፊት የወረደ ይመስለዋል። ስለዚህ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ በእሱ ምክንያት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ሰውነት ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ግፊት ይወጣል። ሃሪ ጎልድብላት የተባለ ሐኪም ይህን እ.ኤ.አ. በ1934 በውሾች ላይ አሳይቷል። የኩላሊታቸውን የደም ሥር ቆንጠጥ አድርጎ ሲያጠበው ግፊታቸው ከፍ አለ። የአንቺም ከዚህ ይሁን አይሁን የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። ደም ይወሰድና ክሪያቲኒን የሚባለው ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻና ፖታሲየም ይታያል፤ ሽንት ላይ ፕሮቲን መኖሩ ይታያል። ከግፊት መድኃኒቶችሽ አንዱ የሆነው ኢናላፕሪል ሲጀመርልሽ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ደም ስጪ» የተባልሽው ለዚህ ነው። ክሪያቲኒን ከነበረበት ከ30 ከመቶ በላይ ከጨመረ የደም ሥሩ መጥበቡን ያስጠረጥራል። አንቺ ግን ያንን ደም አልሰጠሽም። ቀጥሎ አልትራሳውንድ ነው። የሁለቱ ኩላሊቶች ርዝመት ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተበላለጠ ወደ ትንሹ የሚሄደው የደም ሥር ይጠረጠራል። ዶፕለር የሚባለው የአልትራሳውንድ ዓይነት የደሙን ፍጥነት ይለካል፣ መርፌም የለውም። ሲቲ ስካን ካስፈለገ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም አለው፤ ቀለሙ የደከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ክሪያቲኒንሽ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ኦፕራሲዮን እንዳይሉሽ መፍራትሽን አውቃለሁ። የደም ሥሩ ጠቦ ቢገኝ እንኳ ብዙ ሰው በመድኃኒት ብቻ ነው የሚታከመው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምንሽ። ለጉልበትሽ የምትወስጃትን ዳይክሎፌናክ ለዶክተሩ ንገሪው። ግፊት ትጨምራለች፣ ኩላሊትም ትጎዳለች። «እሷማ የሕመም ማስታገሻ ናት» ብለሽ ከመድኃኒት ሳትቆጥሪያት እንዳትቀሪ። በእሷ ፈንታ ምን እንደምትወስጂ እሱ ይነግርሻል። የግፊቱን መድኃኒት ግን እሱ ሳያዝሽ አንዱንም እንዳታቋርጪ።

ግፊትሽን ስትለኪ ጀርባሽን ተደግፈሽ 5 ደቂቃ ቁጭ በይ፣ ክንድሽ በልብሽ ትክክል ይሁን፣ እየተለካሽ አታውሪ። ጠዋትና ማታ ለክተሽ ደብተር ላይ ጻፊው። ስትሄጂ ደብተሩንም መድኃኒቶቹንም ከነማሸጊያቸው ያዢ። ቀጠሮሽ መቼ እንደሆነ እንደነገሩሽ ደውይልኝ፤ ፈረቃ ቀይሬ አብሬሽ እገባለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ