ለቅዳሜው ትምህርት ቤት ገንዘብ ስለ መፈለግ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከተጻጻፍን ስለ ቆየ የሚወራው ብዙ ነው፤ ሌላውን በስልክ እንጨዋወተዋለን። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት እስካሁን በወላጆች መዋጮ ብቻ እንደሚሄድ፣ ሲጎድልም የአዳራሹን ኪራይ ከኪስሽ እንደምትሸፍኚ ሰማሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚሁ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር እንደ እናንተ ላሉ ትንንሽ ማኅበራት የተመደበ ገንዘብ አለ፤ ጥሩ ሥራ እየሠሩ የሚከለከሉት ብዙውን ጊዜ ወረቀታቸው ስላልተሟላ ነው።

እና መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሺ። መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልጋችኋል፤ ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል። ስም፣ ዓላማ፣ የኮሚቴ አመራረጥ፣ የስብሰባ ሥርዓት፤ በመጨረሻም ማኅበሩ ቢፈርስ የተረፈው ንብረት ለተመሳሳይ በጎ አድራጎት እንደሚሰጥ የሚገልጽ አንቀጽ። ይህቺን አንቀጽ እንዳትረሱ። ቀጥሎ በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና ቢያንስ ሁለት ፈራሚዎች፤ ፈራሚዎቹ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት ወይም በአንድ ቤት የሚኖሩ መሆን የለባቸውም። በእኛ ባህል ባልና ሚስት በአባት ስም ስለማይመሳሰሉ ዝምድናው አይታይም ብላችሁ እንዳታልፉት። ገንዘብ ያዡ የሊቀ መንበሯ ባል ከሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ሌላ ሰው ምረጡና ቃለ ጉባኤ ያዙ።

ስም ላይ ብዙ ማመልከቻ ይንጠለጠላል። ደንቡ ላይ «ማኅበረሰብ»፣ ባንኩ ላይ «ማኅበር» የሚል ካለ ለገንዘብ ሰጪው ሁለት ድርጅት ነው። የሰዎቹም ስም እንዲሁ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ቦታ በአንድ «ኤስ» ሌላው ቦታ በሁለት ከተጻፈ ማጣሪያው ላይ ይቆማል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ያዙ። ልጆች ስላሏችሁ ደግሞ የልጆች ደኅንነት መመሪያ የግድ ነው፤ ኃላፊው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። ለበጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች የሚደረገው የ«ዲቢኤስ» ምርመራ (የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ) ራሱ ነጻ ነው፤ የሚያስፈጽምላችሁ ድርጅት ግን የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

ለመጀመሪያ የምመክርሽ ከብሔራዊ ሎተሪው ገንዘብ ለትንንሽ ማኅበራት የሚሰጠው «አዋርድስ ፎር ኦል» የተባለው ድጋፍ ነው። በእንግሊዝ ከ300 እስከ 20,000 ፓውንድ፣ እስከ ሁለት ዓመት ለሚቆይ ሥራ ይሰጣል፤ የተመዘገበ ቻሪቲ (በጎ አድራጎት ድርጅት) መሆንንም አይጠይቅም። ሥራው ከሚጀመርበት ቀን ቢያንስ 16 ሳምንት ቀድማችሁ አስገቡ። ለመስከረም ትምህርት ከሆነ ማመልከቻው ከሚያዝያ ማለፍ የለበትም። የተከፈለ ኪራይ ወደ ኋላ ተመልሶ አይተካም፤ ሃይማኖትን ለማስፋፋትም አይሰጥም። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ መከራየት ችግር የለውም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ክፍት መሆኑን በግልጽ ጻፉ።

ሌሎቹን ለማግኘት «ግራንትናቭ» የሚባለውን ነጻ የመረጃ ቋት ክፈቺ። «ኢትዮጵያዊ»፣ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ»፣ «የቅዳሜ ትምህርት ቤት» የሚሉትን በእንግሊዝኛ አስገቢና በአካባቢያችሁ አጣሪው። ማን፣ ለማን፣ ስንት እንደሰጠ ያሳይሻል። አንድ ሰጪ ለእንደ እናንተ ዓይነቱ ሲሰጥ የኖረው 2,000 ከሆነ 15,000 መጠየቅ ከንቱ ልፋት ነው። ለአካባቢው ማኅበራት ገንዘብ የሚሰጠውን «ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን»ና ካውንስሉንም (የአካባቢውን አስተዳደር) አትለፊ፤ የሚሰጡት ትንሽ ቢሆንም ቅርብ ስለሆኑ ስልክ ደውለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ደውይ፤ አያሳፍርም።

ጽሑፉ ላይ የእኛ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አንድ ነው። «ባህላችንን ለትውልድ ለማስተላለፍ» ብሎ ያቆማል። ዓላማው ልክ ነው፤ አንባቢው ግን ምን እንደሚለወጥ አያይበትም። እንዲህ ብትይ ይሻላል፦ «ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 30 ልጆች በዓመት 40 ቅዳሜ ይማራሉ፤ እንግሊዝኛ ከማይችሉ አያቶቻቸው ጋር መነጋገር ይጀምራሉ፤ እናቶቹ በዚያው ሰዓት በሌላው ክፍል ቡና እየጠጡ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ይመካከራሉ።» ወላጆችን ራሳቸውን ጠይቃችሁ የሰማችሁትንም ጨምሩ፤ ሰጪዎቹ ሐሳቡ ከማኅበረሰቡ መምጣቱን አጥብቀው ይፈልጋሉ።

በጀቱም እንዲሁ ይፍታታ። ለምሳሌ አዳራሽ በሰዓት 20 ፓውንድ፣ 3 ሰዓት፣ 40 ሳምንት፦ 2,400። ሁለት አስተማሪ በሰዓት 15 ፓውንድ፦ 3,600። መጽሐፍና ደብተር 500፣ ኢንሹራንስ 150፣ ስልክና ህትመት 350። ድምሩ 7,000። «ልዩ ልዩ ወጪ 1,000» የሚል መስመር አታስገቢ፤ ጥያቄ ያስነሣል። ኢንሹራንሱን ደግሞ ለመቆጠብ ብለሽ አትቁረጪው፤ ብዙ አዳራሽ ያለ እሱ አያከራይም።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፦ በእንግሊዝና ዌልስ የ2011 የቻሪቲዎች አዋጅ በዓመት ከ5,000 ፓውንድ በላይ የሚያስገባ በጎ አድራጎት ድርጅት እንዲመዘገብ ያዛል። ገንዘቡ ሲገባ መስመሩን ልታልፉ ስለምትችሉ ምዝገባውን ከወዲሁ አስቡበት።

ከተፈቀደላችሁ ደረሰኝ ሁሉ በወር በወሩ ይሰብሰብ፤ ፎቶ ስታነሡ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። አዳራሽ ቢቀየር ወይም አስተማሪ ቢጎድል ገንዘቡን ወደ ሌላ ከማዞራችሁ በፊት ሰጪውን ጠይቁ፤ አስቀድሞ ለጠየቀ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ።

ደንቡንና የበጀቱን ረቂቅ ላኪልኝ፤ አይቼ በዚያው ሳምንት እመልስልሻለሁ። ለአስተማሪዎቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወዳጅሽ