የኤሌክትሪክ መኪናው ፖሊሲ ቀኑን ሙሉ ለሚሠሩትም ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አዳማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪት ላይ እሠራለሁ። የትኛው መኪና የት እንደሄደ፣ ስንት ሊትር እንደቀዳ፣ መቼ እንደተመለሰ የምመዘግበው እኔ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ፖሊሲው ነው። ፖሊሲውን ከልቤ እደግፈዋለሁ። ቅሬታዬ ቅድሚያ የተሰጠው ለማን ነው የሚለው ላይ ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ቀደም ብሎም ለኤሌክትሪክ መኪኖች የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይዝ ታክስና ሱር ታክስ ተነስቶ ነበር። ያን ጊዜ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ ጉምሩክ እንዲከፍል ተደረገ። በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ ሲሆን፣ እዚህ ለመገጣጠም ተበትኖ የሚመጣው ጭራሽ እንዳይከፍል ተደረገ። ትልቅ ማበረታቻ ነበር፤ ውጤቱም መንገድ ላይ ይታያል። ግን ማን ነው የገዛው? በአብዛኛው ግቢ ያለውና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ነው። መኪናው ጠዋት ሥራ ያደርሰዋል፣ ማታ ይመልሰዋል፣ ቀኑን ቆሞ ይውላል።

ቀኑን ሙሉ ቤንዚን የሚያቃጥለው ሌላ ነው። እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር ትንሽ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ባጃጁ ከንጋት እስከ ምሽት አያርፍም። ከ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በየደረጃው ሲነሳ ጫናው መጀመሪያ ያረፈው በእነዚህ ልጆች ላይ ነው። ቤንዚን የጠፋ ዕለት ማደያ ሰልፍ ላይ ይውላሉ፤ ሲመራቸው በሃይላንድ የሚሸጠውን በእጥፍ ይገዛሉ። ለባለንብረቱ የሚያስገቡት የቀን ገቢ ግን አይቀርላቸውም።

እንግዲህ ይህ ልጅ ኤሌክትሪክ ባጃጅ ቢያገኝ የት ይሞላዋል? የሚያድረው ተከራይቶ ነው። ቆጣሪው የጋራ ነው። ምጣድ ለመጣድ እንኳ ተራ የምታስይዝ አከራይ፣ ባጃጅ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ይደረግ ቢሏት እሺ አትልም። አይፈረድባትም። ለእሱ የቀረጥ ቅናሽ ብቻውን ምንም አይፈይድለትም። የሚያስፈልገው ያለቀውን ባትሪ አስረክቦ የተሞላ ይዞ የሚሄድበት ጣቢያ ነው። ባትሪው የጣቢያው ይሆናል፣ ሹፌሩ ለተጠቀመበት ኃይል ይከፍላል፤ የተሽከርካሪው ዋጋም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በኪጋሊና በናይሮቢ የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች በዚህ መንገድ እየሠሩ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ለእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ቦታ መስጠት ለከተማ አስተዳደሩ የሚከብድ አይደለም።

ከባጃጁ ቀጥሎ ቅድሚያ የሚገባው ሁለተኛው የመንግሥት መኪና ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው። ማታ አንድ ግቢ ውስጥ ያድራል፣ ዘበኛ አለው፣ መስመሩ ይታወቃል። እኔ የማሰማራቸው ደብል ጋቢናዎች አብዛኛውን ቀን ከከተማ አይወጡም። ደብዳቤ ያደርሳሉ፣ ሠራተኛ ያመላልሳሉ፣ ሞተር ሳይጠፋ ቆመው ይጠብቃሉ። ለዚህ ሥራ ናፍጣ ማቃጠል በጣም ያሳዝናል። ኤሌክትሪክ ሞተር ከባትሪ የሚወስደውን ኃይል ከ80 በመቶ በላይ ወደ ጎማ ያደርሳል። የቤንዚን ሞተር ከሲሶ በላይ ማድረስ ይከብደዋል፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ ፍሬን ሲያዝም የተወሰነውን ኃይል መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባል። ቆም ሄድ ለሚበዛበት የከተማ መንገድ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

«መብራት በሚጠፋበት አገር?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አዳማ የሚኖር ሰው ቀና ብሎ ኮረብታውን ይመልከት። የአዳማ አንድ 34 ተርባይኖችና የአዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ የወንዞች ውኃ በሚቀንስበት ጊዜ ነው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው። እኛን የሚያስቸግረን ይልቁንም የሰፈር መስመርና ትራንስፎርመር ነው። ሁሉም ሰው እራት በሚያበስልበት ሰዓት መኪናውን ቢሰካ ትራንስፎርመሩ አይችልም። ግቢ ውስጥ የሚያድር የመሥሪያ ቤት መኪና ግን ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ተሰክቶ ሊያድር ይችላል። በዚያ ሰዓት የሚሞላ ሰው ዝቅ ያለ ታሪፍ ቢከፍል ደግሞ ሌላውም ይከተላል።

ከባድ መኪናውን ለጊዜው ልተወው። ለጅቡቲ ጭነት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን በኩል የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ባቡር አለን፤ እሱን በሙሉ አቅም ማሠራት ይቅደም። በቤንዚን የሚቀጥሉት ባጃጆችም ቢሆኑ ኤታኖል አለላቸው። በመተሐራና በፊንጫ ከስኳር ሞላሰስ የወጣ ኤታኖል መጀመሪያ 5፣ በኋላም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ አይተናል። ልምዱ አለን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው። የማውቀው ሰው መኪናው ቀላል ግጭት ደርሶበት መለዋወጫ እስኪገኝ ወራት ቆሟል። አንድ ግለሰብ ታክሲ ተሳፍሮ ይታገሣል፤ አምቡላንስ ወይም የቆሻሻ መኪና እንዲያ ከቆመ ግን ከተማው ይቸገራል። ስለዚህ ግዢ ሲፈጸም መለዋወጫና ሥልጠና ውሉ ውስጥ ይግባ። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ ነው። ሳይሠለጥን የሚነካው መካኒክ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የሙያ ኮሌጆቻችን ዛሬውኑ ትምህርቱን ካልጀመሩ መኪናው ቀድሞ ይደርሳል።

ጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ ለከተማ አስተዳደሩ ያቅርብልን። በየመሥሪያ ቤቱ የስምሪት መዝገብ አለ፤ ኪሎ ሜትሩም ሊትሩም ተጽፏል። በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄዱትን መኪኖች ከመዝገቡ ለይቶ ማውጣት የሳምንት ሥራ አይሞላም። ይህ ዝርዝር መቼ ይወጣል? የሚቀጥለው የተሽከርካሪ ግዢስ ከዚያ በኋላ ይሆናል ወይስ በፊት?

አክባሪያችሁ፣
የስምሪት ሠራተኛ፣ ከአዳማ