ስለ ዶሮዎችሽ ዘርና አመል

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወራት አልፈዋል። ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም፤ ጥያቄሽ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ «ነገ በደንብ እጽፍላታለሁ» እያልኩ ጊዜው ሄደብኝ። ይቅር በዪኝ።

«ስድስት ዶሮ ማርባት አስቤአለሁ፤ ልጆች ቢይዟት የማትደነብር ዘር የትኛዋ ናት?» ብለሽ ነበር። ሌግሆርን ደንባራ፣ ኦርፒንግተን ገራም ናት ብለው እንደ ነገሩሽም ጽፈሻል። ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ሐሰት አይደለም። ግን በዚያ ብቻ ተማምነሽ ከገዛሽ ልታዝኚ ትችያለሽ።

አንድ ዘር ምን እንደሚሰጥሽ ለማወቅ መጀመሪያ ይህን ጠይቂ፤ ዘሩን ያወጡት ሰዎች ለእርባታ የሚያስቀሩትን ዶሮ ሲመርጡ ምን ምኗን እያዩ ነበር? የሌግሆርን አርቢዎች እንቁላል ይቆጥሩ ነበር። ዶሮ ስትታቀፍ እንቁላል መጣል ታቆማለች፤ 21 ቀን ትታቀፋለች፣ ከዚያም ለሳምንታት ጫጩት ታሳድጋለች። ስለዚህ እንቁላል የሚቆጥር ሰው ታቃፊዋን ከእርባታ እያስወጣ፣ ዛሬ ሌግሆርን ስትታቀፍ ማየት ብርቅ ሆኗል። ሲልኪ የምትባለው ዘር ደግሞ ባዶ ጎጆ ላይ እንኳ ትታቀፋለች። በዚህ ነገር የዘሩን ስም አምነሽ መግዛት ትችያለሽ። በክብደትና በመብረርም እንዲሁ ነው፤ ብራህማና ኮቺን ከባድ ስለሆኑ አንድ ሜትር አጥር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃቸዋል፣ ቀላሏ ሌግሆርን ግን በሰው ቁመት ልክ ያለ አጥር ልታልፍ ትችላለች።

ገራምነት ግን በአብዛኛው ከምርጫው ውጪ የቀረ ነገር ነው። የዘር መስፈርት የላባ ቀለም፣ ክብደት፣ የእግር ቀለም፣ አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ቅርጽ ይዘረዝራል እንጂ ዶሮዋ ስትያዝ ትታገል አትታገል አይመዝንም። ለዚህ ነው ከአንድ ማስፈልፈያ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ኦርፒንግተኖች አንዷ ጉልበትሽ ላይ ስትወጣ ሌላዋ ጥግ ይዛ የምትቀረው። በዚያ ላይ በአንድ ዘር ውስጥ መስመሮች አሉ፤ ለውድድር የሚረባውና በብዛት ለሽያጭ የሚፈለፈለው በስም አንድ ሆኖ በአመል ይለያያል።

እዚህ ላይ «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ስንል የእናትና የአባትን ውርስ ማለታችን ነው፤ በገበያ «ዘሯ ምንድን ነው?» ስንል ደግሞ የዓይነቷን ስም። ፍርሃት በውርስ መተላለፉ አያጠራጥርም። በሩሲያ ኖቮሲቢርስክ የዘረ መል ተመራማሪው ዲሚትሪ ቤልያየቭ እ.ኤ.አ. በ1959 ሰውን የማይፈሩ ቀበሮዎችን ብቻ እየመረጠ ማራባት ጀመረ፤ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ሰው ሲያዩ ጅራት የሚቆሉ ቀበሮዎች ተወለዱ። በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲም የዱር ቀይ ዶሮዎችን በዚሁ መንገድ መርጠው አራብተው በጥቂት ትውልድ ውስጥ ለውጥ አይተዋል። እነዚህ ሙከራዎች የለወጡት ግን የዓይነቱን ስም አይደለም፤ የትኛዋ እናትና የትኛው አባት እንደሚዋለዱ ነው። ስለዚህ ጫጩት ስትገዢ ከዘሩ ስም ይልቅ ወላጆቻቸውን አሳዩኝ በዪ። ሻጩ በመንጋው መካከል ሲሄድ ዶሮዎቹ መንገድ ብቻ የሚለቁለት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ግድግዳ እስኪመቱ የሚሸሹ ከሆነ ስሙ ኦርፒንግተን ቢሆንም ተያቸው።

በውሻም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶችን ጠይቆ፣ ወደ 2,000 የሚሆኑትን ውሾች የዘረ መል ቅንብር አንብቦ ነበር። በውሾቹ መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዘሩ የሚገልጸው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለትእዛዝ ፈጣን መሆን ከሌላው ይልቅ ከዘር ጋር ይያያዛል፤ ቶሎ መቆጣት ግን ከዘር ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ ትንሽ ነው። ብዙ ሰው የሚያምነው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ፤ አመል የሚመስል ግን አመል ያልሆነ ነገር አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ ድንዛዜ። ዶሮዋን ስታነሺያት ዝም ካለችና ዓይኗ ከፈዘዘ ተረጋጋች ማለት አይደለም። ዶሮ በጣም ስትፈራ የሞተች መስላ ትደነዝዛለች፤ አዳኝ እንዲለቃት ነው። ተመራማሪዎች ፍርሃትን የሚለኩት በዚህ ነው፤ በጀርባዋ ያስተኟትና ደረቷን በእጅ 15 ሰከንድ ያህል ቀስ አድርገው ይዘው ይለቋታል፣ ከዚያ ተገልብጣ እስክትነሣ ያለውን ጊዜ ይቆጥራሉ። ቶሎ የምትነሣው ደፋሯ ናት፤ ለደቂቃዎች ተዘርግታ የምትቀረው ፈሪዋ። ልጆችሽ «ይቺ እንዴት ጨዋ ናት!» የሚሏት ምናልባት በፍርሃት የደነዘዘችው ትሆናለች፤ ይህን አደራ አስተምሪያቸው። የተረጋጋች ዶሮ ክንፏን ሰብስባ ትቀመጣለች፣ አንገቷን እያዞረች ትመለከታለች፣ አንዳንዴም ላባዋን ታበጥራለች።

ሌላው ማጎንበስ ነው። እንቁላል መጣል የጀመረች ቄብ እጅሽን ስትዘረጊ ክንፏን ትንሽ ከፍታ መሬት ላይ ዝቅ ትላለች። ፍቅር አይደለም፤ ለአውራ ዶሮ የምታደርገውን ለአንቺም ማድረጓ ነው። መጣል ስታቆም ማጎንበሱም ይቀራል፤ ያን ጊዜ አመሏ ተለወጠ ብለሽ አትዘኚ።

ዓይንም አለ። የፖሊሽ ዶሮ ጉትያ እያደገ ሲሄድ ከላይና ከጎን ያለውን ይጋርድባታል፤ ስለዚህ ድንገት ስትነካ ትበረግጋለች፣ ሌሎቹም እየነቆሩ ያሳድዷታል። ዓይኗን የሚሸፍነውን ላባ ጫፉ በማይወጋ መቀስ ቁረጪላትና ያቺው «ደንባራ» ዶሮ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ትሆናለች። ሥሩ ደም የያዘ አዲስ ላባ ግን አትቁረጪ፤ ይደማል።

ደረጃ ደግሞ አለ። ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር ቋሚ ሥርዓት እንዳላቸው ገልጿል። ከታች ያለችዋ ወደ እጅሽ የማትመጣው አንቺን ፈርታ ሳይሆን አለቃዋን ፈርታ ሊሆን ይችላል። ሕመምንም አትርሺ። በሌሊት ከቆጡ ስንጥቅ ወጥቶ ደም የሚመጥ ቅንቅን ያለበት ቤት ውስጥ ያለች ዶሮ ቁጡ ትሆናለች፣ ቆጥ ላይ መስፈርም ትጠላለች። ላባ በምትቀይርበት ወቅት አዲሱ ላባ ሲነካ ያማታል። ሁልጊዜ ስትሸሽ የኖረች ዶሮ አንድ ቀን ዝም ብላ ከተያዘችልሽ ደግሞ አትደሰቺ፤ ክብደቷንና ኩሷን እዪ፣ መዳከም ሊሆን ይችላል።

የአመሏን እውነት ለማወቅ እንዲህ አድርጊ። ለስድስቱም የተለያየ ቀለም ያለው የእግር ቀለበት አድርጊላቸው፣ ጫጩቶች ከሆኑ እግራቸው ስለሚወፍር በየሳምንቱ ቀለበቱን ቀይሪው። ጠዋት መኖ ከመስጠትሽ በፊት የማያውቁትን ዕቃ፣ ለምሳሌ ቀለም ያለው ባልዲ፣ ግቢያቸው መካከል አስቀምጪና ራቅ ብለሽ 10 ደቂቃ ተቀመጪ፤ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደቀረበች ጻፊ። በሌላ ቀን መዳፍሽ ላይ መኖ ይዘሽ መሬት አጠገብ ያዢው፣ እንደገና ጻፊ። ደረጃው እንዳያሳስትሽ እያንዳንዷን ለብቻዋ አድርገሽ ድገሚው፤ ግን ከሽቦው ማዶ ጓደኛዋ ትታያት፣ ብቻዋን የቀረች ዶሮ በብቸኝነት ስለምትጮህ ፈተናው ይበላሻል። ሁሉንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ አድርጊው። በሦስቱም ጊዜ ተመሳሳይ የሆነው አመል ነው፤ የተለዋወጠው የዕለቱ ሁኔታ ነው። ይህን ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ብታደርጊው ጥሩ ነው፣ መጣል ሲጀምሩ ነገሩ ስለሚደበላለቅ። እኔ ብሆን ስምንት ጫጩት ገዝቼ በዚህ ዕድሜ ስድስቱን አስቀራለሁ።

ውርስ ግማሽ መንገድ ነው፣ ሌላው ግማሽ አስተዳደግ ነው። ጫጩት ከእንቁላል በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያየውን ይከተላል፤ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀን በኋላ አዲስ ነገርን መፍራት ይጀምራል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን እጅሽን ያግኙት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት። እጅሽ ከላይ አይውረድ፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለእነሱ ጭልፊት ነው። ከጎን፣ መሬት ላይ መዳፍሽን ዘርግተሽ ራሳቸው እንዲወጡበት ተያቸው። ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ይሁን፣ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ ቀንሺ። የበረደው ጫጩት ይጮሃል፣ የሚጮኸውን ልጆች ያነሡታል፣ ሲነሣ የባሰ ይበርደዋል፤ በዚህ ምክንያት ሰውን መጥላት ይማራል።

አውራ ዶሮ ለማስቀረት ካሰብሽ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሰው ላይ የሚዘል አውራ ዶሮ ዘሩ ምንም ይሁን ምን ልጆች ባሉበት ቤት አይኑር፤ እሾሁ ዓይን ያጠፋል። ብዙውን ጊዜ እስከ አምስተኛው ስድስተኛው ወር ጨዋ ሆኖ ይቆይና ጎረምሳ ሲሆን ይለወጣል፣ በተለይ ለብቻው በሰው እጅ ያደገው። ከእሱ እንቁላልም አታስፈልፍዪ። እሱን አስወግደሽ ሌላ ብታስገቢ እንኳ ሦስት ሳምንት ጠብቂ፤ የቀድሞው አውራ ዶሮ የዘር ፈሳሽ በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ እስከዚያ ሊቆይ ይችላል።

ከራስሽ መንጋ ለማስፈልፈል ስትደርሺ ከሁሉ የበለጠ እንቁላል የምትጥለዋን ብቻ እናት አታድርጊ። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ዊሊያም ሚዩር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ሥራ እያንዳንዷን ዶሮ ትቶ አብረው የሚኖሩትን በቡድን መረጠ። በዓመት 68 በመቶ የነበረው ሞት በጥቂት ትውልድ ወደ 9 በመቶ ገደማ ወረደ። ጎረቤቶቿን እየነቆረች መኖውን ለብቻዋ የምትይዘዋ በቆጠራ አንደኛ ልትወጣ ትችላለች፤ ሴት ልጆቿ አንድ ላይ ሲኖሩ ግን እርስ በርስ ይገዳደላሉ።

ስለ ድመቷም ጠይቀሽኝ ነበር። ግልገሏ ከሁለት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ዕድሜ በተለያዩ ሰዎች እጅ ካለፈች ትለምዳለች፤ ያ ጊዜ ካለፈ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። አባታቸው ለሰው ወዳጅ የሆነ ግልገሎች፣ አይተውት ባያውቁም እንኳ፣ ደፋር ይሆናሉ። ላሞቹን በተመለከተ የጀርሲ ላም ገራም መሆኗ እውነት ነው፤ የጀርሲ ኮርማ ግን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ነውና በዘሩ ስም ተማምነሽ ጀርባሽን አትስጪው። ንብ ደግሞ ደስ የሚል ነው፤ የተቆጣ ቀፎ ንግሥቷ ስትቀየር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ፣ አሮጌዎቹ ሠራተኞች ሞተው የአዲሷ ልጆች ሲተኳቸው፣ ቀፎው በሙሉ አመሉ ይለወጣል።

ቤቱ ከጠበበ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የተጣበበች ዶሮ ምንም ዘር ብትሆን ትነቁራለች። ለስድስቱ ቢያንስ ሁለት ተኩል ሜትር ካሬ ስፋት ያለው ቤት፣ ውጪ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ካሬ ወይም ከዚያ በላይ፣ ቆጡ ላይ ለአንዷ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት የእንቁላል ጎጆ፣ ሁለት መመገቢያና ሁለት መጠጫ አዘጋጂ። ሁለቱን መመገቢያ አንደኛው ካለበት ሌላው እንዳይታይ አራርቀሽ አስቀምጪ፤ አለቃዋ ሁለቱንም መጠበቅ አትችልም። በኋላ አዲስ ዶሮ ብታመጪ 30 ቀን ለብቻ አቆዪ፣ ከዚያ በሽቦ ተለያይተው ሁለት ሳምንት ይተያዩ፣ ሲቀላቀሉም አንዷን ብቻ ሳይሆን ሁለት ሁለት አድርጊ።

ኦርፒንግተንም ሆነ ሌላ ግዢ፤ ከዘሩ ይልቅ ወላጆቹን ያየሽበት ቤት ይሻለኛል። የቀለበቶቹን ቀለምና ማን በስንተኛው ደቂቃ ወደ ባልዲው እንደሄደች ጻፊልኝ፤ ከእያንዳንዷ ጎን ላባ እየቀየረች ወይም እየታቀፈች ከነበረም ምልክት አድርጊ። ዝርዝሩ ሲደርሰኝ የማን እንቁላል እንደሚፈለፈል አብረን እንመርጣለን። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ