ዳይክሎ ከመስጠትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሞጣ መድኃኒት ቤት ሥራ መጀመርሽን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ አንቺው ጋ ነው። ብዙ የምነግርሽ አለኝ፤ ዛሬ ግን ስለ ሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ብቻ ልጻፍልሽ።

ቡሬ በሠራሁባቸው ዓመታት እንደዚህ በስሙ የሚጠራ መድኃኒት አላየሁም። ለሌላው ሕመማቸውን ይነግሩሻል፤ ለዚህ ግን «ዳይክሎ ስጪኝ» ብለው ብሩን ይዘረጋሉ። ስሙን ይዞ የመጣን ሰው መጠየቅ ይከብዳል፣ በተለይ ታላቅሽ ከሆነ። ቢሆንም ሳትጠይቂ አትስጪ።

ዳይክሎ ፕሮስታግላንዲን የተባለው፣ ሕመምና እብጠት የሚያመጣው የሰውነት ንጥረ ነገር እንዳይመረት እንደሚያደርግ ተምረሻል። ያው ፕሮስታግላንዲን ጨጓራን ከአሲድ ይጠብቃል፣ ኩላሊትም ደም በደንብ እንዲያገኝ ያግዛል። መድኃኒቱ ወገብን ከጨጓራ ለይቶ አያውቅም። ጥያቄሽ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

የጤፍ አጨዳና የነቢያት ጾም ኅዳር ላይ ይገጥማሉ። ሲያጭድ ሰንብቶ ወገቡን የያዘው ገበሬ ማለዳ በባዶ ሆዱ ይውጥና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ ይውላል። የሚጎዳው ጨጓራው ብቻ አይደለም፤ ላብ ውኃውን ሲጨርሰው ኩላሊቱ ደም የሚያገኘው በዚያው በታገደው ፕሮስታግላንዲን ተደግፎ ነበርና። ጹም አትጹም ማለት የእኛ ሥራ አይደለም። እህል ከቀመሰና ውኃ ከጠጣ በኋላ እንዲውጠው፣ ከጥቂት ቀን እንዳያሳልፈው፣ ማታ አረቄ እንዳይደርብበት ንገሪው።

ምግብ ማቃጠሉን ቢያበርደውም ቁስለትን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮም ጨጓራን ይጎዳልና። «ጨጓራዬ ስለማይችለው በመርፌ ይሁንልኝ» የሚልሽን ሰው እሺ እንዳትዪው። መርፌውም ያው መድኃኒት ነው። ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ ሰው ከእጅሽ አንድ ፍሬ አይውሰድ። ወስዶ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደግሞ ውሎ ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

ለአዋቂ በቀን ከ150 ሚሊግራም አይለፍ፤ ባለ 50ው ሦስት ፍሬ ማለት ነው። ባነሰ ከተሻለው ያነሰው ይበቃዋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አድቪል ቤት ውስጥ እንዳለም ጠይቂ። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፣ የዚሁ የዳይክሎ ዘመድ፤ ሁለቱ አብረው ሲዋጡ የሚጨምረው ጉዳቱ ነው።

አብዝቼ የማስበው ግን ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች ነው። የግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ ራሳቸው አያነሡልሽም፤ ከጉልበታቸው ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ያስባሉ። «እማማ፣ ሌላ የሚውጡት ኪኒን አለ?» በያቸው፤ ካለ ይዘውት ይምጡና እዪው። የግፊት መድኃኒቱን ኢናላፕሪልንና የሚያሸናውን ኪኒን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ዳይክሎ ሲጨመር ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል፤ ግፊቱም አልታዘዝ ይላል። የልብ ድካም ላለባቸውና ስትሮክ ለመታቸው ጨርሶ እንዳይሰጥ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳስቧል። ለእነዚህ እናቶች ፓራሲታሞሉን ወይም የሚቀባውን ጄል አስቀድሚ፤ ከጄሉ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ዋጋው ስለሚበልጥ ያቅማሙ ይሆናል፣ ታግሠሽ አስረጃቸው።

አስም ያለበትን ሰው ከዚህ በፊት ማስታገሻ ወስዶ ትንፋሽ አጥሮት እንደሆነ ጠይቂው። ከቆላ ትኩሳት ይዞት የመጣውን ደግሞ መጀመሪያ ደሙን ይመርመር በዪው፤ ወባ ከሆነ ማስታገሻው ትኩሳቱን አውርዶ ያዘናጋዋል።

ወጣት ሴት ስትመጣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን እወቂ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዳና የእንሽርት ውኃውን ሊያሳንሰው ይችላል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ከልቡ አጠገብ ያለው፣ ሲወለድ የሚዘጋው ደም ሥር ያለ ጊዜው ሊዘጋ ይችላል። እሷ ግን በሰው ፊት አትነግርሽም፣ አማቷ አብራት ከቆመች ጭራሽ። ወረፋው ቢረዝምም ወደ ጎን ጥሪያትና ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ጠይቂያት።

እናትሽ
ከቡሬ