ክረምት ሳይገባ ሁለት ሮቶ፦ ለግቢያችን የአትክልት ቦታ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች፣ የእድራችን አባላት፣ እዚሁ ግቢ አድጋችሁ ዛሬ በአሜሪካ፣ በዱባይና በሌላም አገር የምትኖሩ ልጆቻችን፤

በሕንጻዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የጋራ አትክልት እንዲለማበት ማኅበራችን ወስኗል። መሬት አለን፤ ጉልበትም አለን። እውቀቱም ቢሆን ቅርባችን ነው፤ ከገጠር መጥተው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ጎመን መቼ እንደሚዘራ፣ ችግኝ በምን ሰዓት እንደሚዛወር ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። የጎደለን ውሃ ነው።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እየመጣ፣ ሰው የሚጠጣውን እየጠበቀ፣ ለጎመን የሚያስፈልገውን ውሃ ሁሉ ከቧንቧ ስጡን ብለን አንጠይቅም። ተስፋ ያደረግነው በጣሪያ ውሃ ላይ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። በአንድ ብርቱ ዝናብ 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ከ200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ወደ 2,000 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በየክረምቱ መሬት ላይ ያሉትን ቤቶች ደጃፍ አጨቅይቶ ወደ ቱቦ ይገባል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምንለምናችሁ ባለ 5,000 ሊትር ሁለት ሮቶ፣ ማስቀመጫውን የሚሸከም የድንጋይ መደብ፣ አሸንዳና የፒቪሲ ቱቦ ነው። ሮቶው ሙሉውን በጋ ያሻግረናል አንልም። ለመጀመሪያው ዓመት ያቀድነው 40 ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ ነው፤ በቀን ለካሬው 4 ሊትር ብንሰጥ 160 ሊትር ይሆናል፤ ሁለቱ ሮቶዎች ከሞሉ ለሁለት ወር ያህል ያቆዩናል። መደቡን በገለባ ከሸፈንነው ደግሞ እርጥበቱ ቶሎ አያመልጥም። ከዚያ በኋላ የበልጉ ዝናብ እስኪመጣ ውሃ በሚለቀቅበት ሌሊት ከቧንቧ ጥቂት ጥቂት እንሞላለን።

ሁለተኛው ጥያቄያችን አፈር ነው። ቦታው ከግንባታ የቀረ ፍርስራሽና ሲሚንቶ የተደፋበት ስለሆነ ዶማ አይገባም። ላዩን ጠርገን ለም አፈር በመኪና ማስመጣት አለብን። ማዳበሪያውን ግን ራሳችን እናዘጋጃለን፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የወደቀ ቅጠል፣ ከእንስሳት አርቢዎች የምናገኘው ፍግ። ኮምፖስቱ በደንብ እስኪበሰብስ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል፤ እርጥብ ፍግ በቀጥታ ካስገባን ሥሩን ያቃጥላል። ከዛሬ ጀምሮ የወጥ ቤታችሁን ልጣጭ ከፌስታል ለይታችሁ ብታቆዩልን ከገንዘብ የማያንስ ድጋፍ ነው።

ምን እንተክላለን? በክረምት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር። ቆስጣ ዙሪያውን እየተቀነጠበ ለወራት ይበላል፤ ብዙ ቤተሰብ ለሚካፈለው ቦታ ከእሱ የሚመረጥ የለም። ቲማቲም በአዲስ አበባ ክረምት ቅጠሉ እየጠቆረ ስለሚበላሽ ዝናቡ እስኪያልፍ እንጠብቀዋለን። ዳር ዳሩን ለቅቤ ማንጠሪያ በሶብላና ኮሰረት፣ ለቡና ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና ዳማ ከሴ ይያዝበታል። ብዙዎቻችሁ እነዚህን በረንዳ ላይ በዘይት ጄሪካን ስላሳደጋችሁ ቁራጭና ዘር ከእናንተ እንጠብቃለን። ከፍራፍሬ ለደጋው የሚስማሙትን ኮክና ፖም መርጠናል፤ አቮካዶም እንሞክራለን፤ ከፍሬው የበቀለ ብዙ ዓመት ስለሚያስጠብቅ የምንገዛው የተዳቀለውን ችግኝ ነው።

ወደ ገበያ ከሚመጣው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በሚገባበት የአቃቂ ወንዝ ውሃ እንደሚለማ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በእኛ በኩል ከዋጋው መወደድ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ነው። ልጆቻችን የሚበሉት ጎመን በምን ውሃ እንዳደገ በዓይናችን ማየት እንችላለን፤ ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ መድከም ተገቢ ነው።

የሚለቀመው አትክልት አስቀድሞ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንና ለአራስ እናቶች ይደርሳል። ቀጥሎ በሥራው ለተሳተፉ ቤተሰቦች፤ የተረፈው ለነዋሪው በቅናሽ ተሸጦ ለዘርና ለመሣሪያ መግዣ ይውላል። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፤ እያንዳንዱ ደረሰኝ በኮሚቴው ቢሮ በር ላይ ይለጠፋል።

ገንዘብ የምትሰጡ ለየሕንጻችሁ ተወካይ አስረክቡና ደረሰኝ ተቀበሉ። በውጭ ያላችሁ በዚህ ግቢ በሚኖረው ቤተሰባችሁ በኩል ላኩልን። የሮቶ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚጨምር የቻላችሁ እስከ ግንቦት አጋማሽ ብታደርሱልን ሰኔ ሳይገባ እንተክለዋለን፤ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች የጣሪያውን አቧራ እንዲያጥቡ ለቀን ቀጣዩን እንይዛለን። ያገለገለ ነገር ግን የማያፈስ ሮቶ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ ወይም የእጅ ጋሪ ያላችሁም አሳውቁን፤ መጥተን እንወስዳለን። ፍርስራሹን የምንጠርገው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ መሬቱ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አለ።