ዛቢያ፣ ጥርስና ስለት፦ የእጅ መሣሪያ ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእንጨት ሥራ ክፍል ሲሰበሰብ የነበረው ለአንድ ሥራ ነው፤ ከየቤቱ የሚመጣ የቆየ የእጅ መሣሪያን መርምሮና ጠግኖ ወደ ሥራው ለመመለስ። ከሐዋሳ ሰፈሮች፣ ከታቦር፣ ከሐይቅ ዳር፣ ከመናኸሪያና ከቱላ፣ ምሳር፣ ዶማ፣ መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያና ፒንሳ መጥቶልናል። አብዛኛው ይዞት ከመጣው ተማሪ ዕድሜ በላይ ያገለገለ ነው። አያት ገዝተውት፣ አባት ሠርተውበት፣ አሁን ልጅ ተሸክሞት የመጣ የብረት መላጊያ አለ፤ ዛሬም እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ ያወጣል።

ጥቅምትን ያሳለፍነው በምርመራ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ካርድ ተዘጋጀለት፤ ምኑ ተበላ፣ ምኑ ላላ፣ ምኑ ዛገ፣ የትኛው ክፍሉ ይፈታል የሚል። ካርዶቹን አንድ ላይ ስናያቸው በሥራ ብዛት ያለቀ መሣሪያ እምብዛም አላገኘንም። ከጥቅም ውጭ ያደረጓቸው የላላ ዛቢያ፣ ዝገትና ያለ ጥንቃቄ የተያዘ ግራይንደር (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ) ናቸው። ዕድሜ ያላቸው መሣሪያዎች ሁሉ የሚጋሩት ነገርም ታየን፤ የሚያልቀው ቦታ እጅ ይደርስበታል። ዛቢያው ይወጣል፣ ብሎኑ ይፈታል፣ ስለቱ ይሳላል፣ ጥርሱ ይሞረዳል።

ዛቢያ ላይ ብዙ ሳምንት ቆየን፤ የሚገባውም ነው። የምሳር ራስ ሲላላ በየቤቱ የሚደረገው ምሳሩን ባልዲ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። እንጨቱ ያብጣል፣ ራሱም ጥብቅ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። ያበጠው እንጨት በብረቱ ዓይን፣ ማለትም ዛቢያው በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ መስፊያ ስለሌለው የራሱን ጅማት ይጨፈልቃል፤ ውሃው ሲተንም ከበፊቱ ቀጥኖ ይቀራል። ስለዚህ ምሳሩ በየጊዜው ይበልጥ እየላላ፣ በየጊዜው እየተነከረ ይሄዳል። ደጋግሞ የተነከረ ዛቢያ ሽብልቅም አያድነውም፤ አውጥቶ መጣል ነው።

ለአዲስ ዛቢያ የምንመርጠው ወይራ ነው። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው፤ ቀጥ ያለና ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ኅዳር ላይ ቸኩለን እርጥብ ባሕር ዛፍ የገጠምንላቸው ሁለት ምሳሮች ጥር ላይ ራሳቸው እየተወዛወዘ ተመለሱልን። እርጥብ እንጨት ከተገጠመ በኋላ ይሰበሰባል፤ ይህን የሚከለክል ሽብልቅ የለም። በአየር ለማድረቅ ባለሙያዎች የሚይዙት ልማዳዊ ስሌት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ነው። የእንጨቱ ሁለት ጫፎች ቀለም ወይም ሰም መቀባት አለባቸው፤ እርጥበት ከጎን ይልቅ በጫፍ ቶሎ ስለሚወጣ ያልተቀባ ጫፍ ቀድሞ ይተረተራል።

ግንዱን በሽብልቅ መፈለጥ ይሻላል። ሽብልቅ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሄዳል፤ መጋዝ ግን ጅማቱን አቋርጦ ሊያልፍ ይችላል፣ ዛቢያ የሚሰበረውም ጅማቱ ወደ ጎን በወጣበት ቦታ ነው። ተጠርቦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ አናቱ እስከ ዓይኑ ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ድረስ በመጋዝ ይሰነጠቃል። የዓይኑ ውስጥ ከሰል ይቀባና ዛቢያው ተሞክሮ ይወጣል፤ የጠቆረው ቦታ ብቻ በሞረድ ይነሳል፣ እንደገና ይሞከራል። ይህን አሥር ጊዜ መደጋገም ግድ ሊሆን ይችላል። የሚቸኩል ልጅ ብዙ ያነሳና ዛቢያውን ያበላሻል።

የማስገቢያው ዘዴ ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ ያስደነቀ ነበር። ምሳሩ ራሱን ወደ ታች አድርጎ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይያዛል፤ ከዚያ ከላይ ያለው የዛቢያው ቂጥ በእንጨት መዶሻ ይመታል። ብረቱ መሬት ሳይነካ፣ ማንም ሳይጎትተው፣ በየምቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከባዱ ብረት ባለበት ሊቆይ ሲፈልግ ዛቢያው ወደ ታች እየሾለከበት ነው፤ በፊዚክስ ክፍል ኢነርሺያ የምንለው ይኸው ነው። አናቱ ከዓይኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያልፍ በደንብ የደረቀ የእንጨት ሽብልቅ ይገባበታል። ሚስማር አንመታም። ሚስማር ጅማቱን ይሰነጥቃል፣ ውስጥ ይዝጋል፣ ወደፊት ዛቢያ የሚቀይረውን ሰውም ያስቸግራል። ዶማ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ዓይኑ ከአናት በኩል ሰፊ ስለሆነ ዛቢያው በራሱ እየጠበቀ ይሄዳል።

ዛቢያውን የምንቀባው ተልባ ዘይት ነው፤ በስሱ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እስኪደርቅ እየጠበቁ። በብዙ ቤት የሚቀባው ያገለገለ የሞተር ዘይት አይደርቅም፣ እጅ ያንሸራትታል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው። እዚህ ላይ ወላጆች እንዲያውቁልን የምንፈልገው አንድ አደጋ አለ። ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ ያጣና ጨርቁ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። በክበባችን ጨርቁ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ደጅ ተዘርግቶ ይደርቃል። ይህን ደንብ ለመዘንጋት ማንም አይፈቀድለትም።

መጋዝ ሁለተኛው ትልቁ ሥራችን ነበር። መጀመሪያ የሚታየው የጥርሱ ጫፍ ነው። ጫፉ ወደ ሰማያዊነት ያደላ ጥቁር ከሆነ ጥርሱ በፋብሪካ ተለይቶ የጠነከረ ነው፤ ሞረድ አይበላውም፣ ሲዶለዱም ይጣላል። አሁን በገበያ በርካሽ የሚሸጠው ብዙው እንዲህ ያለ ነው። የድሮው መጋዝ ግን ጥርሱም አካሉም አንድ ቀለም ነው፣ ለዘመናት ይሞረዳል። በእኛ አስተያየት አሮጌ መጋዝ ጥሎ አዲስ መግዛት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው።

አሳሳሉ ቅደም ተከተል አለው፣ ማዛባትም አይቻልም። መጋዙ በሁለት ጣውላ መካከል ሆኖ ሞርሳ ላይ ይታሰራል፤ ከጣውላው በላይ የሚወጣው ጥርሱና ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ከወጣ ይንቀጠቀጣል፣ ሞረዱም ይጮኻል፤ ጩኸት ከተሰማ ወደ ታች ማውረድ ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ ሞረድ በጥርሶቹ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ የምታበራ ነጥብ እስክትታይ ድረስ። አጫጭሮቹም እንዲነኩ ነው፤ ያልተነካ ጥርስ እንጨት አይቆርጥም። ቀጥሎ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይዘነበላሉ። የሚዘነበለው የጥርሱ የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ከታጠፈ ይሰበራል። ለደረቅ ዋንዛ ጥቂት ማዘንበል ይበቃል፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ለሚቆርጥ መጋዝ ግን መጨመር አለበት፣ አለዚያ እንጨቱ ጨምድዶ ይይዘዋል።

መጨረሻ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይገባል። ወደ ፊት ብቻ ይገፋል፤ ሲመለስ ይነሳል፣ ምክንያቱም ወደ ኋላ መጎተት የሞረዱን ጥርስ ያዶለዱማል። እንጨትን በርዝመቱ ለሚቀድ መጋዝ ሞረዱ ከመጋዙ ጋር ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ ይሠራል፣ አግድም ለሚቆርጥ ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ ይጋደማል። ለሁሉም ጥርስ እኩል ምት ይሰጣል፤ ያቺ የምታበራ ነጥብ ስትጠፋ ማቆም ነው። አንድ ምት መጨመር ያንን ጥርስ ከጓደኞቹ ያሳጥረዋል። ተስሎ ካለቀ በኋላ መጋዙ ወደ ቀኝ እየሳበ ከሄደ የቀኝ ጥርሶች ይበልጥ ዘንብለዋል ማለት ነው፤ በዚያ በኩል መሳያ ድንጋይ አጋድሞ አንድ ጊዜ በቀስታ ማስኬድ ያስተካክለዋል።

መሮዎቹ የመጡት አንድ ዓይነት በሽታ ይዘው ነው፦ ሰማያዊ ጫፍ። በኤሌክትሪክ ግራይንደር የተያዘ ስለት ቀጭን በመሆኑ በሰከንዶች ይግላል። ብረቱ ሰማያዊ ሲሆን ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተጠግቷል፣ ጥንካሬውም ተወስዷል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢሳል ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል። ውሃ ውስጥ መንከሩ ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ምንም አይመልስም። ያለው መፍትሔ የተቃጠለውን በሙሉ በእጅ ሞርዶ ንጹሕ ብረት ላይ መድረስ ነው፣ በአንድ መሮ ላይ ሁለት ዓርብ ፈጅቶብናል።

ስለት የምናወጣው በ5 ሚሊ ሜትር መስታወት ቁራጭ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተን ነው፤ ከ120 ቁጥር ተነስተን በ240ና በ400 አልፈን 1000 ላይ እንጨርሳለን። ቀድሞ የሚስተካከለው የመሮው ጀርባ ነው፣ ከጫፉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል። ጀርባው ጎድጓዳ ከሆነ ፊቱን መሳል ብቻውን ከንቱ ድካም ነው። ማዕዘኑን ያለ መለኪያ ለማወቅ የሒሳብ ክፍል ሳይን ረድቶናል፤ የመሮው ውፍረት ለተዳፋቱ (ለተሳለው ዘንባላ ፊት ርዝመት) ሲካፈል የማዕዘኑን ሳይን ይሰጣል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ መሮ ተዳፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። ለለስላሳ እንጨት 25፣ ወይራ ለሚቦረቡር 30 እንመርጣለን፤ በ25 የተሳለ መሮ ወይራ ላይ ጫፉ ይሸራረፋል።

ዝገትን በአቸቶ አነሳን። እንጨቱ፣ ነሐሱና ስፕሪንጉ ተፈትቶ ይወጣል፣ ብረቱ ብቻ ከማታ እስከ ጠዋት አቸቶ ውስጥ ያድራል። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ይታጠባል፣ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ወዲያው ዘይት ይቀባል። ሳይቀባ የቆየ እንደሆነ ዓይን እያየ ይዝጋል። በረጅም ዕረፍት ሳምንት ሙሉ የተረሳ አንድ መሮ አቸቶው ስለቱን ሳይቀር በልቶት ተገኘ። የማይከፈት ፒንሳ ደግሞ ነጭ ጋዝና ዘይት ተቀላቅሎ ይፈስበትና ያድራል፤ በማግስቱ በኃይል ሳይሆን ወዲያና ወዲህ በማመላለስ ይለቃል።

ከላይ የጠቀስነው መላጊያ ብዙ ሥራ አልጠየቀም፤ ምላጩ ተሳለ፣ ከላዩ የሚቀመጠው ብረት ከስለቱ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ተስተካከለ። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። አካሉ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ብሎኖቹም በኢንች ልክ የተሠሩ ናቸው፣ በገበያ ያለ የሚሊ ሜትር ዳዶ አይገጥማቸውም። ሲፈታ ከሥሩ ጨርቅ ይነጠፍ።

ሞርሳ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ የሚሉት ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ምሳር፣ ዶማና ማጭድ ግን የራሳችን አንጥረኛ ስምም ሥራም ናቸው። አንጥረኞቻችን ጥሩ ዶማ የሚሠሩት ከአሮጌ መኪና ባላስትራ ነው፤ ይህ ብረት ሲጠነክር ስለት ይይዛል። ከተራ ፌሮ የተቀጠቀጠ ግን ቅርጹ ቢያምርም አይጠነክርም። ሲገዙ ሞረድ ይዞ መሄድ ነው፤ ስለቱ ላይ ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፣ ከነከሰና ብናኝ ካወጣ ለስላሳ ነው።

ሰኔ ላይ የተፈለጠ ወይራ በክፍሉ ጣሪያ ሥር ተደርድሯል፤ ጫፎቹ ቀለም ተቀብተዋል፣ የተፈለጠበት ቀንም ተጽፎባቸዋል። ቀጫጭኖቹ በመጪው ሰኔ ይደርሳሉ። በመስከረም መሣሪያ ለሚያመጡ ወላጆች ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ግራይንደር አይንካው፣ ውሃ ውስጥ አይነከር፣ የወለቀ ብሎን ቢኖር ከመሣሪያው ጋር በፌስታል ታስሮ ይምጣ።